ዘመን ያሻገራቸው መርከበኞች፦ ለዓለም ፍጻሜ ልቦለዳችሁ የትኛውን ጓድ ትመርጣላችሁ?

በታሪክ የሚታወቁ መርከበኞችን ከገዛ ዘመናቸው ነጥቆ፣ ሙታን በሚነሡበትና ሰማይ በሚጠቁርበት የዓለም ፍጻሜ መካከል የሚጥል ልቦለድ ለመጻፍ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እነማንን ልምረጥ?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚመጣው ከጦር መሣሪያ ነው። መጥረቢያ ያለው፣ መድፍ ያለው፣ ሠራዊቱ የበዛ ይመረጣል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጥረቢያ በሦስተኛው ምዕራፍ ይሰለቻል፣ ባሩድም ያልቃል። እስከ መጨረሻው ገጽ የማያልቀው እነዚህ ሰዎች ስለ ሞት፣ ስለ ሙታንና ስለ ዓለም መጨረሻ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት እምነት ነው። የዘመናችን ሰው ከመቃብር የወጣ ሲያይ አእምሮው ይናወጣል። የጥንቱ መርከበኛ ግን ለዚያ ነገር ስም አለው፣ ሥርዓት አለው፣ ምናልባትም አያቱ የነገሩት መፍትሔ አለው። ልቦለዱ ሕይወት የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ጓዶች የማወዳድረው በሦስት ነገር ነው፦ ስለ ፍጻሜ ምን ያምናሉ፣ መርከባቸው ከየብስ ምን ትጠይቃለች፣ በወደቁበት ዘመን ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰው ያገኛሉ ወይ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ለማንኛውም ጓድ የሚሠራ አንድ ነገር ልጠቁም። ዘመን መለወጡን መርከበኞቹ በምን ያውቃሉ? ብዙ ጸሐፊዎች ባሕሩ ላይ አውሮፕላን ወይም የብረት መርከብ ያሳዩአቸዋል። መሪው ከዚያ ቀድሞ ማወቅ ይችላል። የምድር ዘንግ ቀስ በቀስ ስለሚዞር፣ ዛሬ የሰሜን ኮከብ የምንለው ኮከብ በ1000 ገደማ ከሰማይ ዋልታ ወደ 6 ዲግሪ ርቆ በየሌሊቱ ክብ ይሠራ ነበር። ዛሬ ርቀቱ አንድ ዲግሪ አይሞላም። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ኮከብ ሲያይ የኖረ ሰው፣ አንድ ሌሊት ቀና ብሎ ኮከቡ ከቦታው አልነቃነቅ ሲለው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ለጓደኞቹ ሳይናገር ሦስት ሌሊት ደጋግሞ ያያል። ከማንኛውም ፍንዳታ የበለጠ የሚያስፈራ መክፈቻ ነው።

የቪክቶሪያ ሰዎች (1522)

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ጸሐፊ የምመክረው ይህንን ጓድ ነው። ማጄላን በ1519 አምስት መርከቦች ይዞ ከስፔን ተነሣ፤ እሱ በ1521 ፊሊፒንስ ውስጥ ተገደለ፤ ዓለምን ዞራ በሴፕቴምበር 1522 ወደ ስፔን የተመለሰችው ቪክቶሪያ ብቻ ናት። በኤልካኖ አዛዥነት 18 አውሮፓውያን ቀርተውባት ነበር። ቁጥሩ ራሱ ለልቦለድ የተሰጠ ይመስላል፦ አንባቢ የእያንዳንዱን ስም ሊይዝ ይችላል።

ረሃብን ያውቃሉ። ፓሲፊክን ሲሻገሩ ከሦስት ወር በላይ ትኩስ ምግብ አላዩም። የጉዞው ጸሐፊ ፒጋፌታ እንደተረከው፣ ገመድ እንዳያልቅ አግዳሚውን ግንድ የሸፈኑበትን የበሬ ቆዳ ፈትተው፣ ፀሐይና ነፋስ ስላደረቀው አራት አምስት ቀን ባሕር ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ፍም ላይ ጣል አድርገው በሉት። አይጥ በግማሽ ዱካት (የወርቅ ገንዘብ ነው) ይሸጥ ነበር፤ እሱም ጠፋ። ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸውን ስለሸፈነው መብላት አቅቷቸው የሞቱም ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ባዶ ከተማ ውስጥ ገብቶ በመደርደሪያ ላይ የቀረ ቆርቆሮ ምግብ ሲያገኝ የሚያደርገውን መጻፍ ለደራሲ ትልቅ ዕድል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ዘመን ጠፍቶባቸዋል! በጁላይ 1522 ኬፕ ቨርዴ ሲደርሱ በእነሱ ቆጠራ ረቡዕ ነበር፤ የብስ ላይ ያሉት ፖርቱጋሎች ግን ሐሙስ ነው አሏቸው። ፒጋፌታ በየቀኑ ሳያቋርጥ ስለጻፈ ስሕተት ሊሆን እንደማይችል አምኖ በጣም ተደነቀ። ፀሐይን እየተከተሉ ወደ ምዕራብ ዓለምን በመዞራቸው አንድ ቀን ጎድሎባቸው ነበር። ለጾምና ለበዓል ቀን ለሚጠነቀቅ አማኝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴቪል ሲደርሱ በሸሚዝ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ጧፍ ይዘው ወደ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች ሄደው ስእለታቸውን አደረሱ። እንግዲህ ከዚያ ሐሙስ ይልቅ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ያለ ሐሙስ ላይ ቢደርሱስ? የታሪክ ሰነዱ መንገዱን ግማሽ ያህል ጠርጎላችኋል።

ድክመታቸውን አትሸፋፍኑ። በ1520 ፓታጎኒያ ክረምቱን ሲያሳልፉ በማጄላን ላይ አምፀው ደም ፈሷል፤ ኤልካኖ ራሱ ከአማፂዎቹ አንዱ የነበረ፣ በምሕረት የተረፈ ነው። ፍጻሜውን የእግዚአብሔር ቅጣት አድርገው ማየታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ «በማን ኃጢአት?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ አሥራ ስምንት ሰው እርስ በርስ መተያየት ይጀምራል። በቋንቋ በኩል አይቸገሩም፤ ስፓንኛ ተናጋሪ በዓለም ሞልቷል።

የኖርስ መርከበኞች (በ1000 ገደማ)

ቫይኪንግ የሚለው ስም ሲነሣ ጸሐፊው ቀንድ ያለው የራስ ቁር እንዳያጠልቅላቸው አደራ። እንዲህ ያለ ቁር ለጦርነት ስለመልበሳቸው ማስረጃ የለም። ያላቸው ነገር ከዚያ ይበልጣል። በ1880 ኖርዌይ ውስጥ ከጉብታ የወጣችው የጎክስታድ መርከብ ወደ 24 ሜትር ትረዝማለች፣ 32 መቅዘፊያ አላት፣ ነገር ግን ውሃ ውስጥ የምትሰጥመው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደብ አትሻም። በወንዝ አፍ ገብታ አሸዋ ላይ ትወጣለች፤ ወደቦች በተቃጠሉበትና ማንም ጭነት በማያነሣበት ዓለም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሩቅ መሄዳቸውም አያጠያይቅም፤ በዛሬዋ ካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ላንስ ኦ ሜዶውስ የተገኘው እንጨት በ1021 በብረት መሣሪያ እንደተቆረጠ ተረጋግጧል።

ሙታን የሚነሡበትን ፍጻሜ ከመረጣችሁ ግን ከእነሱ የሚስተካከል የለም። በአይስላንድ ጥንታዊ ትረካዎች ውስጥ ከመቃብሩ የሚወጣ፣ አካል ያለው፣ ከብት የሚገድል፣ የቤት ጣሪያ ላይ የሚጋልብ ሙት አለ፤ ድራውግር ይሉታል። መድኃኒቱም ይታወቃል፦ ራሱን ቆርጦ ጭኑ ሥር ማኖር፣ አስከሬኑን ማቃጠል፣ አመዱን ባሕር መጣል።

እኔን የማረከኝ ግን መቆራረጡ ሳይሆን በፍሮዳ የእርሻ ቤት ደረሰ ተብሎ የሚተረከው ነው። ጊዜው ክርስትና አይስላንድ በገባበት ሰሞን ነው። የቤቱ ጌታ ቶሮድ ከሰዎቹ ጋር ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። የተዝካሩ ድግስ ዕለት ሙታኑ ውሃ እያንጠባጠቡ ገብተው እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ሰዉ መጀመሪያ እንደ መልካም ምልክት ቆጠረው። በማግሥቱም መጡ። ከዚያ ደግሞ በየብስ የሞቱት ሌሎቹ አፈር እያራገፉ መጥተው ከእነሱ ትይዩ ተቀመጡ፤ እነዚያ ልብሳቸውን ይጨምቃሉ፣ እነዚህ አፈር ይበትናሉ፣ ሕያዋኑ እሳታቸውን ለቀው ሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ እሳት ያነዳሉ። በመጨረሻ ሰይፍ አልተመዘዘም። በቤቱ ደጃፍ ላይ ችሎት ተቋቋመ። ያለ ፈቃድ ቤት በመዘዋወርና የሰው ሕይወትና ጤና በመንሣት ተብለው ሙታኑ አንድ በአንድ በስማቸው ተከሰሱ፣ ምስክር ተሰማ፣ ፍርድ ተሰጠ። እያንዳንዱ ሙት ፍርዱን ሰምቶ ተነሥቶ፣ ሳይወድ መሄዱን የሚገልጽ ቃል ተናግሮ ወጣ። ካህኑም በኋላ ቤቱን በጠበል ረጨ።

ይህን የሚያውቅ መርከበኛ በዘመናዊ ከተማ ሙታን ሲከቡት መጥረቢያውን አስቀምጦ «ደጃፉ የት ነው? ምስክር የሚሆን ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልቦለዳችሁ ከሌላው ሁሉ የተለየ መንገድ ይይዛል። የኖርስ ፍጻሜ ራግናሮክም ዝግጁ ነው፦ በመካከላቸው በጋ የሌላቸው ሦስት ክረምቶች፣ ፀሐይን የሚውጥ ተኩላ፣ ከሙታን ጥፍር የተሠራች ናግልፋር የምትባል መርከብ። ሙት ጥፍሩ ሳይቆረጥ እንዳይቀበር የታዘዘው ለዚያች መርከብ ጣውላ እንዳይጨመር ነው። አንዲት የጓዱ አባል በየመንገዱ ከወደቁት አስከሬኖች አጠገብ ተንበርክካ ጥፍር ስትቆርጥ አሳዩ። አብረዋት ያሉት የዘመናችን ሰዎች ምክንያቱን የሚያውቁት ከብዙ ገጽ በኋላ ይሁን።

ቋንቋቸውን የሚሰማም አያጡም። የዛሬ አይስላንዳዊ የጥንቱን ጽሑፍ ያለ ብዙ ችግር ያነባል፤ ንግግሩ ቢለያይም ጥቂት ቀን ከታገሡ ይግባባሉ።

የጄንግ ሄ መርከቦች (ከ1405 እስከ 1433)

ይህን ምርጫ የማቀርበው በማስጠንቀቂያ ነው። የቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት የባሕር ኃይል በአዛዡ በጄንግ ሄ መሪነት በሰባት ጉዞዎች እስከ ሆርሙዝ፣ ኤደን፣ ሞቃዲሾና ማሊንዲ ደርሷል፤ በመጀመሪያው ጉዞ ብቻ ከ27,000 በላይ ሰው ነበር። ያ ጓድ አይባልም፤ የሚንቀሳቀስ ከተማ ነው። ሐኪም፣ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ አናጢ ሁሉ አለው፤ ምንም ስለማይጎድለው የልቦለዱ ጭንቀት ይላላል። ከመረጣችሁት አንዲት ከመንጋው የተነጠለች መርከብ ውሰዱ፤ በእሷም ላይ ማዕከላዊውን ቦታ እንደ ማ ኋን ላለ አስተርጓሚ ስጡ። ማ ኋን ቻይናዊ ሙስሊም ነበር፤ ያየውን አገር ሁሉ በትዕግሥት መዝግቧል።

እምነታቸው ግን ሀብታም ነው። በ1431 በቻንግሌ ባቆሙት የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ በማዕበል መካከል የባሕሯን እመቤት ሲጠሩ መለኮታዊ መብራት በተራዳው ጫፍ ላይ በርቶ አደጋው ይቀል እንደነበር መስክረዋል። ስሪላንካ ጋል ላይ የተገኘው ሌላ ድንጋያቸው ደግሞ በቻይንኛ ለቡድሃ፣ በታሚል ለቪሽኑ፣ በፋርስኛ ለአላህ የቀረበ መባ ይዘረዝራል። የሚቀበላቸው ኃይል ማን እንደሆነ በማይታወቅበት ፍጻሜ ውስጥ፣ ለሁሉም እንደየቋንቋው መባ የሚያቀርብ ጓድ ብልህ ጓድ ነው። ሙታን የሚነሡት የሚያበላቸው ዘመድ ስላጡ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ለተራበ መንፈስ ምግብ ያቀርባሉ እንጂ አይዋጉም።

የፖሊኔዥያ ከዋክብት አንባቢዎች

የብስ ራሱ የጠፋበትን ወይም የማይታመንበትን ፍጻሜ የምትጽፉ ከሆነ ወደዚህ ኑ። ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን በገመድ አስረው፣ አሳማ፣ ውሻ፣ ዶሮ፣ የጎደሬ ተክል ጭነው አዲስ ደሴት ላይ ሕይወትን ከዜሮ የጀመሩ ሰዎች ናቸው። የዓለም መጨረሻ ለእነሱ የምንተክለው ምን ይዘናል የሚል ጥያቄ ነው።

መሣሪያ የላቸውም፤ ኮከብ በየት እንደሚወጣ፣ ሞገድ ከየት እንደሚመጣ፣ ወፍ ማታ ወደየት እንደሚበር በቃል ይይዛሉ። ይህ እውቀት ተረት አለመሆኑ በ1976 ታይቷል፤ ከማይክሮኔዥያ የሳታዋል ደሴት የመጣው ማው ፒያይሉግ ሆኩሌአ የተባለችውን ታንኳ ያለ ኮምፓስ ከሃዋይ እስከ ታሂቲ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር መርቷል። ሰማይ ሲጨልም መሪው ታንኳው ወለል ላይ ተጋድሞ የሞገዱን ግፊት በጀርባው ይለካል። ከዋክብት በጠፉበት ዓለም ውስጥ የመጨረሻው መንገድ አዋቂ እሱ ነው። በቋንቋም የታደሉ ናቸው፤ በ1769 ከካፒቴን ኩክ ጋር የሄደው የራያቴአው ካህን ቱፓያ ኒውዚላንድ ሲደርስ ከማኦሪዎች ጋር ተነጋግሯል።

በሃዋይ የሌሊት ተጓዦች የሚባሉ አሉ፦ ከበሮ እየመቱ፣ ችቦ ይዘው የሚያልፉ የሙት ተዋጊዎች ሰልፍ። ያያቸው ሰው በምድር ላይ ተደፍቶ ፊቱን ይሸፍናል፤ ከሰልፉ ውስጥ የእሱ ቅድመ አያት ካለ «የእኔ ነው» ብሎ ያድነዋል። ከዚህ የበለጠ ለልቦለድ የሚመች ሕግ አላውቅም፤ የትውልድ ሐረጉን የማያውቅ ይሞታል ማለት ነውና። ግን ይህ ዛሬም የሚታመን፣ ባለቤት ያለው ነገር ነው። የእነሱን ሰዎች ጽሑፍ ሳታነቡ አትንኩት።

በአጭሩ የምተዋቸው

በ1845 የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያን ፍለጋ ኤረበስና ቴረር በተባሉ መርከቦች ወጥተው በበረዶ የጠፉት 129 እንግሊዛውያን ተደጋግመው ተጽፈዋል፤ መጨረሻቸውንም አንባቢ ያውቀዋል። የካሪቢያን ወንበዴዎችም እንዲሁ። ከወንበዴዎቹ ልትወስዱት የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ፦ ጉዞ ሳይጀመር የሚፈረመው፣ የድርሻ ክፍፍልንና አካሉ ለጎደለ የሚከፈለውን ካሣ የሚወስነው ውል። ለየትኛውም ጓድ ስጡት።

የአዱሊስ መርከበኞች (525 ገደማ)

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከፍተኛው ምርጫ ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቴም የአገር ፍቅር ብቻ አይደለም።

አዱሊስ በዛሬዋ ኤርትራ፣ ከምፅዋ በስተ ደቡብ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር የነበረ የአክሱም መንግሥት ወደብ ነው። በ525 ገደማ ንጉሥ ካሌብ በዛሬዋ የመን ወደነበረው የሒምየር መንግሥት ለመሻገር በዚሁ አካባቢ ወደ 70 የሚጠጉ መርከቦች ማሰባሰቡ ተጽፏል። ነጋዴው ኮስማስም በዚያው ሰሞን አዱሊስ ነበር፤ በወደቡ የቆመውን የግሪክ ጽሑፍ የገለበጠልን እሱ ነው። መርከቦቹ እንዴት እንደተሠሩ የነገረን የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ነው፦ በዚያ ባሕር ያሉ መርከቦች በሚስማር አይመቱም፤ ሳንቃው በገመድ ይሰፋል። ሰዎች «ብረት የሚስብ ዓለት ስላለ ነው» ይሉ እንደነበርም ጽፎ፣ የሮማውያን መርከቦች ብረት ይዘው እዚያው ባሕር ላይ ምንም ስለማይሆኑ ወሬው ሐሰት ነው ብሏል።

ልቦለዱ እዚህ ላይ ነው። በእናንተ ዓለም ውስጥ ያ ዓለት እውነት ይሁን። ፍጻሜው ሲጀምር ብረት ያለው መርከብ ሁሉ ይበታተን፣ ሚስማር ከሳንቃ ይነቀል፣ ግዙፎቹ የጭነት መርከቦች በባብ ኤል መንደብ ላይ ይከመሩ። የምታልፈው በገመድ የተሰፋችው ብቻ ናት። ሲበጠስም የሚጠግናት የባሕር ዳር ገመድ ፈታይ ነው እንጂ ፋብሪካ አይደለም።

ስለ ፍጻሜ የያዙትን ደግሞ ተመልከቱ። ሙሉው ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ የሆነው መጽሐፈ ሔኖክ፣ 200 መላእክት ወርደው ከሴቶች ልጆች ጋር እንደተጋቡ፣ ግዙፋን እንደተወለዱ፣ የግዙፋኑም መንፈስ ከሞቱ በኋላ በምድር ላይ ክፉ መንፈስ ሆኖ እንደቀረ ይነግራል። ይህን ሰምቶ ያደገ መርከበኛ ከሰማይ የሚወርደውን ነገር ሲያይ «ምንድን ነው?» አይልም፤ «ስንተኛው ነው?» ይላል።

በጊዜ መሻገርም ለእኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። በተረፈ ባሮክ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ተልኮ ከዛፍ ሥር ጋደም ይላል፤ የነቃው ከ66 ዓመት በኋላ ነው። ጥቂት ያሸለበ መስሎት ይነሣል፣ ራሱ ከብዶታል፤ ኢየሩሳሌም ሲገባ ከተማይቱን አያውቃትም፣ መንገድ የሳተ መስሎት ይወጣል፣ ምልክቶቹን አይቶ እንደገና ይገባል። አንድ ሽማግሌ ነገሩን ሲያስረዳው አላምን ይላል። ማስረጃው ቅርጫቱ ነው፦ በለሱ ትኩስ ነው፣ ወተቱ ይንጠባጠባል፣ ወቅቱ ግን የበለስ አይደለም። ዘመን የተሻገረን ሰው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ለመርከበኞቻችሁም እንዲህ ያለ አንድ ትኩስ ነገር ስጧቸው፤ ያልደረቀ የተምር ዘለላ ወይም ጠዋት የተጋገረ ዳቦ ይበቃል።

ቋንቋው ደግሞ ትልቁ ሀብት ነው። ጓዱ ግዕዝ የሚናገር ከሆነ፣ ዓለም በፈረሰበት ሰዓት የሚሰማውን ሰው የት ያገኛል? ትግረና ትግርኛ ተናጋሪ ጆሮው ብዙ ቃል ይይዝለታል፤ ቅኔ የተማረ ግን መልስ ይሰጠዋል። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በኢየሩሳሌም ቅዳሴ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ አስተርጓሚ አለው ማለት ነው። ከአውሮፕላን አብራሪውና ከወታደሩ ይልቅ የሚፈለገው ሰው አንድ ወጣት ዲያቆን ይሆናል። ይህን ገጸ ባሕርይ ለመጻፍ አማርኛ አንባቢ ያለው ጸሐፊ ከማንም በላይ ብቁ ነው።

ችግሩንም ልናገር። ስለ አክሱም መርከበኞች የዕለት ኑሮ በጽሑፍ የቀረልን ጥቂት ነው፤ እንደ ፒጋፌታ ያለ መዝጋቢ አልነበራቸውም። ስማቸውን፣ ቀልዳቸውን፣ ጸባቸውን እናንተ መፍጠር አለባችሁ። ነገሥታቱንና ቅዱሳኑን ከመርከቡ ላይ አውርዷቸው፤ ገመድ ፈታይ፣ መሪ፣ ውሃ ቀጂ፣ የዝሆን ጥርስ ነጋዴና ከህንድ የመጣ አንድ አሳላፊ ይበቃሉ።

ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ መመለስ አለመመለሳቸውን ወስኑ፤ ምርጫውን የሚለውጠው ይህ ነውና። የቪክቶሪያ ሰዎች ቢመለሱ የሚጠብቃቸው ወደብና ንጉሥ አለ፤ ልቦለዱ በደስታ ሊያልቅ ይችላል። የጄንግ ሄ ሰዎች ከ1433 በኋላ ቢመለሱ ቤተ መንግሥቱ የባሕር ጉዞን ትቷል። የአዱሊስ ሰዎች ግን ወደቡ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ስለሚጠፋ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተው ቢደርሱ የሚያገኙት ፍርስራሽ ነው። ዲያቆኑ ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ ያውቃል። ሳይሳፈሩ በፊት ሊነግራቸው ይገባል ወይስ አይገባም? እሱን የሚወስን ምዕራፍ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ የቀረው ጉዞ ከዚያ ይወጣል።